ሳጥኑ እዚህ፣ ሆዱ እዚያ

እና ደግሞ የጌም ሳጥን ወሬ ነው ብላችሁ እንዳትንቁት፣ ቁጭ ብሎ ለሰማው የሚክስ ወሬ ነው፣ ውስጡ ወንድም አለ፣ ቂም አለ፣ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም አድብቶ የሚጠብቅ ኤሌክትሪክ አለ፣ ብቻ አስቀድማችሁ የኋላሸትን እዩት፣ በእናቱ ቤት የኋላ ክፍል ተንበርክኮ የሳጥኑን ጎን በብርጭቆ ወረቀት ይፈትጋል፣ ሳጥን የሚፈትግ ይመስላል እንጂ በሐሳቡ የሚፈትገው የታላቅ ወንድሙን የንጉሡን ፊት ነው። ግንባሩን። አፍንጫውን። ያቺን ጎል ሲገባ የምታሽካካ አፉን።

ሳጥኑ ቁመቱ ሰው ያህላል፣ ወገቡ ላይ እጀታና ቁልፎች፣ ደረቱ ላይ ለቲቪ የተከፈተ ቀዳዳ፣ አባታቸው አቶ ታደለ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ደሴ ከተዘጋ ጌም ቤት ገዝቶ በአይሱዙ አስጭኖ አምጥቶት መካነ ሰላም መናኸሪያው አጠገብ ያቆመው፣ አውሮፕላን በአውሮፕላን የሚታኮስበት ጨዋታ ነበር፣ የወረኢሉ ሹፌሮች ተሳፋሪ እየጮኸባቸው ይጫወቱት ነበር፣ ከዚያ ስልክ የሰው ሁሉ መዳፍ ውስጥ ገባና ጨዋታው ሞተ፣ ዘግየት ብሎ አባትየውም ተከተለው። አሁን በቀዳዳው በኩል የሚታየው የጭቃ ግድግዳ ነው። ሆድ የለውም። ሆዱ ከቆርቆሮው አጥር ማዶ ንጉሡ ቤት ነው።

ሆድ የሚለው ራሱ የኋላሸት ነው፣ ማስረዳት ይወዳል፣ የሚሰማው ሲያጣ ለዶሮዎቹ ያስረዳል፣ እዩ፣ ሆድ ማለት ሁለት ነገር ነው፣ ቦርዱ ያስባል፣ ቱቦው፣ የቲቪው መስታወት፣ የታሰበውን ያሳያል፣ ያለ ሁለቱ ይሄ ቁም ሳጥን ነው፣ ቁም ሳጥን እንኳ መደርደሪያ አለው። ማን አስተማረህ? ዩቲዩብ፣ እና የተቃጠለ ጣቴ።

ሆዱ እንዴት ማዶ ሄደ፣ በደንብ ሄደ፣ በአገሩ ደንብ ውርስ ሲካፈል ታላቅ ይከፍላል ታናሽ ይመርጣል፣ ታላቅ አንዱን ድርሻ ቢያበልጥ ታናሽ የበለጠውን ያነሳበታል፣ ስለዚህ እኩል መክፈል ለታላቅ ይሻለዋል፣ ብልህ ደንብ ነው፣ ለብልህ ወንድማማቾች። ሸህ መሐሙድ መሀል ተቀምጠው ነበር፣ በዚያ ሰፈር የእስላሙም የክርስቲያኑም ጠብ የሚያልቀው እሳቸው ፊት ነው፣ ንጉሡ ላሟን ከበጎቹ ለየ፣ አልጋውን ከሳንዱቁ ለየ፣ ማሽኑ ጋ ሲደርስ ካቻቢቴ አውጥቶ ጀርባውን ፈታና ሆዱን ጎትቶ ሳጥኑን ለብቻው ሆዱን ለብቻው አቆመ፣ ሰው ሳቀ፣ የኋላሸት አልሳቀም፣ ይሄ ሰው የአባቴን ማሽን እንደ በግ አረደው። ሸህ መሐሙድ ወደሱ ዞሩ፣ በል ልጄ ምረጥ፣ የመረጥከውን ግን ነገ እንዳትረግመው። የንጉሡን ዐይን አየ። ዐይኑ ሳጥኑ ላይ ነበር፣ ከሳጥኑ አይነቀልም፣ አሃ፣ የፈለግከው ይህን ነው፣ ሚስትህ ሰብሌ ሰሃን ልትደረድርበት፣ ሳጥኑን አለ። ሳጥኑን ነው የምወስደው። ንጉሡ ከንፈሩን ነከሰ፣ ያ ንክሻ ሳምንት ሙሉ እንደ ማር ጣፈጠው። ከዚያ ወዲህ አይነጋገሩም። በእናታቸው በእማማ የሻለም በኩል እንኳ አይነጋገሩም፣ እሷም ሰልችቷት ቆዳውን አንተ፣ ሥጋውን እሱ፣ በሬው የታለ? ትላለች፣ መልስ ሳትጠብቅ ትወጣለች።

ይፈትጋል። ምስጥ የበላውን እግር በኮላና በሰጋቱራ ሞልቶታል፣ ቁልፎቹን በሳሙና ዘፍዝፎ የስንት ሹፌር እድፍ አስለቅቋል፣ ዶሮ የፈለፈለችበትን ወለል ነቅሎ በአዲስ ጣውላ ተክቷል፣ ያማረ ሬሳ ሆኗል፣ ሆድ የለውማ። ለምኖ አያመጣም። ወላሂ አይለምንም። ትናንት ማታ በአጥሩ ሽንቁር አይቶታል፣ ንጉሡ ራቁቱን በቆመ ቱቦ ኳስ ሲያይ፣ ሰብሌ ይሄ ነገር ያስፈራኛል ከቤቴ አውጣልኝ ስትለው፣ እሱ ጎል ገባ ብሎ ሲያብድ፣ ወደ አጥሩ ዞሮ ነው የጮኸው፣ እኔ ጆሮ ላይ ነው የጮኸው፣ ይሄ ውሻ።

ቆራሌው። ያረጀ ብረት፣ የተሰበረ ራዲዮ፣ ቆራሌው።

ጀላል ነው፣ ከአጅባር የሚመጣው፣ ድምፁ ከጆንያው ይቀድማል። አሰላሙ አለይኩም ቤቶች። ወአለይኩም ሰላም ጀላል፣ ግባ፣ አንድ ነገር አለኝ፣ ንጉሡ ነው፣ ድምፁን ከፍ አድርጓል፣ ከጀላል ጋር ሳይሆን ከአጥሩ ጋር ነው የሚያወራው። ይሄ ምንድን ነው ወንድሜ? ቲቪ ነው፣ ልብሱን ወንድሜ ወስዶበት በብርድ አለቀ። ጀላል ይስቃል። መስታወቱ አይረባኝም፣ አንገቱ ላይ የተጠመጠመውን መዳብ ነው የምፈልገው፣ ሌላውን እዚሁ ሰብሬ እጥልልሃለሁ። ስበረው። ቦርዱስ? ቦርዱንም።

ብርጭቆ ወረቀቱ ቆመ። ቦርዱንም። ሌላ ቲቪ ይገኛል፣ ያ ቦርድ ግን ሁለተኛ የለውም፣ አውሮፕላኖቹ በሙሉ እዚያ ውስጥ ናቸው፣ አባዬ ጀርባውን ከፍቶ በብሩሽ አቧራውን ሲጠርግለት፣ ልሂድ? ሄጄ ምን ልበል፣ ጋሼ እባክህን? ጉልበትህን ልሳም? ይሰበር። እኔም ሳጥኑን ፈልጬ ለእማዬ ማገዶ እሰጣታለሁ፣ እኩል እንሆናለን፣ ሸህ መሐሙድም ደስ ይላቸዋል፣ እኩል መካፈል ነው ደንቡ አይደል።

ቆይ፣ ይላል ንጉሡ፣ እኔ ልፍታልህ፣ ይቺ ላስቲክ ናት የያዘችው፣ ቀይዋ፣ ካቻቢቴ አቀብለኝ።

ላስቲኳን።

እዚህ ላይ ማስረዳት ግድ ነው፣ ቱቦ ማለት እንስራ ነው፣ ሶኬቱን ብትነቅሉትም የቀዳውን አያፈስም፣ አሮጌው ደግሞ ቀናት ይዞት ይቆያል፣ ከግድግዳው ሶኬት መቶ እጥፍ የሚጠጋ ግፊት በዚያች ላስቲክ ሥር ተኝቷል፣ ትናንት ኳስ አይቶበታል፣ ሙሉ ነው፣ ይሄን በግቢው የሚያውቅ አንድ ሰው ነው፣ እሱም ከአጥሩ ወዲህ ተንበርክኳል።

ይንካው።

ይንካው፣ ወርውሮ ግድግዳው ላይ ይለጥፈው፣ ያቺው እጅ ናት ሳጥኑን ከሆዱ የለየችው፣ ያቺው እጅ ናት በጥፊ ያጮለችኝ፣ ያቺው እጅ ናት ቁልፉ ላይ አልደርስ ስል ብብቴ ሥር ገብታ ያነሳችኝ፣ ተኩስ፣ ተኩስ፣ በቀኝ መጣብህ እያለኝ፣ ይንካው፣ ደግሞ ሌላ እጁን ብረቱ ላይ ያሳርፋል፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚሠራው ይሄ ግብዝ፣ በአንዱ እጅ ገብቶ በሌላው ሲወጣ መንገዱ ልብ ነው፣ በልብ ነው የሚያልፈው፣

ንጉሤ ላስቲኳን እንዳትነካ።

ማን ተናገረ? የኋላሸት አፍ ነው፣ እሱ አላዘዘውም። ንጉሤ ብሎ በቁልምጫ መጥራቱንም ትቶት ነበር።

ከማዶ ንጉሡ፣ ማነው፣ ሳጥኑ ነው የተናገረው? ጀላል ይስቃል። አትንካት አልኩህ፣ ትገድልሃለች። ነቅየዋለሁ እኮ። ተነቅሎም ይገድላል ደደብ፣ ደደብ አባ፣ አባትህ ሊል ነበር፣ አባታቸው አንድ ነው፣ ዋጠው።

እንግዲያው አዋቂው ና ፍታት።

ይሄዳል። እግሩ እየሰደበው ይሄዳል፣ በአጥሩ ሽንቁር ሾልኮ ይገባል፣ ሰብሌ በር ላይ ቆማ አፏን በነጠላዋ ይዛለች፣ ጀላል ጆንያው ላይ ተቀምጧል፣ ንጉሡ ካቻቢቴውን እንደ ጦር ይዟል፣ ወዲህ በለው፣ ይለዋል የኋላሸት። ሽቦ ይቆርጣል፣ አንዱን ጫፍ ቱቦውን ከኋላ እንደ ሹሩባ ካቀፈው የብረት ሽቦ ጋር ያስራል፣ ሌላውን የካቻቢቴው ብረት ላይ ይጠመጥማል፣ ፕላስቲክ እጀታውን በቀኙ ብቻ ይይዛል፣ ግራ እጁ ወደኋላ፣ ቀበቶው ውስጥ፣ እዩ፣ ግራ እጅ ምንም አይንካ፣ ልብ መሀል ሜዳ ላይ ናት፣ ለማን ነው የሚያስረዳው፣ ለዚህ ከብት፣ ጫፉን በላስቲኳ ሥር ያንሸራትታል።

ጧ።

ሰማያዊ ብልጭታ። ላ ኢላሀ ኢለላህ፣ ጀላል ከጆንያው ላይ ተነስቷል። ንጉሡ የራሱን እጅ እያገላበጠ ያያል። ይሄ እኔን? አንተን። አውቀህ ዝም ልትለኝ ነበር? ነበር።

ንጉሡ ራሱን ይነቀንቃል፣ ተናዶ ነው ወይስ፣ አይታወቅም። እኔ ደግሞ ሆዱን ትወስዳለህ ብዬ ነው እንዲያ የከፈልኩት፣ ይላል፣ ከልጅነትህ ራዲዮ የምትዘለዝል፣ ሳጥኑን ለሰብሌ፣ ሆዱን ላንተ፣ አንተ ግን እኔን ለማብገን ሳጥኑን አልክ። ዐይንህ ሳጥኑ ላይ ነበራ። ሳጥኑ ላይ የተከልኩት ሆዱን እንዳላይ ነው፣ ሆዱን ካየሁት ሊያሸክመኝ ነው ብለህ ትጠረጥርና ትተወዋለህ ብዬ።

የኋላሸት በዚያው ካቻቢቴ ሊወጋው ይፈልጋል። ሳምንት ሙሉ እንደ ማር የጣፈጠው ንክሻ አሁን አፉ ውስጥ ኮሶ ሆኗል። ታዲያ ለምን አልነገርከኝም? መራጭ አይመከርም፣ ደንብ ነው። ደንብህን ብላው። አንተ ሳጥንህን ብላ። ልሂድ ወይስ፣ ይላል ጀላል። ሂድ፣ ይሉታል ሁለቱም ባንድ አፍ፣ ባንድ አፍ በመናገራቸው ደግሞ ይናደዳሉ።

ቱቦ ለብቻ አይሸከሙትም፣ የአጥሩ ሽንቁርም አያሳልፈውም፣ ስለዚህ በመንገድ ዞረው፣ ሰፈሩ እያያቸው፣ ቀስ በል፣ አንተ ቀስ በል፣ አንገቱን እንዳትሰብረው፣ ያንተን ነው የምሰብረው፣ እየተሰዳደቡ ያስገቡታል፣ ቦርዱን ንጉሡ በብብቱ ይዟል። ልክ ገባ። ብሎኑ ቀዳዳውን አልረሳም። እማማ የሻለም በሩ ላይ ቆማ ሁለቱንም አየቻቸውና ስለ በሬው ምንም አላለችም።

አብራው እንጂ፣ ይላል ንጉሡ። አታዘኝ። አብራ አልኩህ። ሳጥኑ የኔ ነው። ሆዱ የኔ ነው። ጣቱ ማብሪያው ላይ ነው፣ ተጫነው፣ መጀመሪያ ዝም፣ ቀጥሎ ሽታ፣ የሞቀ አቧራ ሽታ፣ ከዚያ ከጨለማው ውስጥ አንዲት አውሮፕላን፣ በቀኝ መጣብህ ይላል ንጉሡ፣ አውቃለሁ ዝም በል፣

እና እናንተም ቤታችሁ ጥግ አሮጌ ሳጥን ከቆመ ዛሬውኑ ጀርባውን ክፈቱት፣ መጀመሪያ ንቀሉት፣ ላስቲኳን ለሚያውቅ ተዉለት፣ ሆዱን የያዘውን ሰው ደግሞ ጥሩት፣ ካሻችሁ እየሰደባችሁ ጥሩት፣ ብቻ በስሙ ጥሩት። ሂዱ ሞክሩት።