ለዳገቱ የታዘዘ ባጃጅ

ጡረታ የወጡት መምህር ኤርሳዶ ጉልበታቸውን ቁርጥማት ከያዛቸው ወዲህ፣ ልጃቸው ብሩክታይት ከወንበር አላስነሣ አለቻቸው። ሐኪሙ "መራመድ መድኃኒትዎ ነው፤ ቀስ እያሉ ብቻ" ማለቱን ነግረዋት ነበር። እሷ ግን "ሐኪሙ የኛን ዳገት ወጥቶት ያውቃል?" ብላ አፋቸውን አስያዘቻቸው።

እሑድ ጠዋት ለመዘምራን ልምምድ ቀድማ ስትወጣ፣ የሰፈሩን ባለባጃጅ ቸሩን "አባቴን ጸሎት ቤቱ በር ድረስ አምጣልኝ" አለችው።

ባጃጁ በሰዓቱ መጣ። ብሩክታይት አባቷን ደግፋ ልታወርድ ሮጠች። ከኋላ ወንበር ላይ ግን መጽሐፍ ቅዱሳቸውና ከዘራቸው ጎን ለጎን ተጋድመዋል፤ ሰው የለም።

"ቸሩ! አባዬስ?"

ቸሩ ሣቁን መያዝ አቅቶት በአገጩ ወደ ዳገቱ አሳያት። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው፣ መዝሙር እያንጎራጎሩ፣ አዲሱን ኮብልስቶን ቀስ እያሉ ይወጡታል። ደረሱና ላባቸውን ጠረጉ።

"ምነው ደነገጥሽ?" አሏት ወደ ከዘራው እያመለከቱ። "ዳገቱን ሲያይ 'ጉልበቴን አመመኝ' ያለው እሱ ነው። እኔማ ደህና ነኝ!"