ከመጋዘኑ ወገን የሚመጣ መብራት

የመብራት ኃይል ሠራተኛው ጀምበሩ የመብራት ምሰሶው ወገብ ላይ እንደደረሰ ከአቶ ጣሰው የሰሊጥ መጋዘን የቬንቲሌተር ድምፅ ሰማና ባለበት ደረቀ። ሸሕዲ ከተማ ከጠዋት ጀምሮ መብራት የላትም። ታዲያ ይሄ በምን ይዞራል?

ቁልቁል ወረደ። ሊቀጥለው የመጣው፣ ንፋስ የበጠሰው ሽቦ አጠገቡ አፈር ላይ ተጋድሟል። እንደ ወትሮው የመስመሩን ፊውዞች ነቅሎ ኪሱ ከቷቸዋል፤ ማንም ተሳስቶ መብራት እንዳይለቅበት። አሥር ዓመት ሙሉ በሕይወት ያቆየችው ይህችው ዘዴ ናት። ከሰው ቤት ሶላር በመስመሩ ተመልሶ ለሚመጣው መብራት ግን ምን ትፈይዳለች! አምና አብደራፊ ላይ ጓደኛውን ፈረደን ያቃጠለው እንዲህ ያለው ነበር። ሽቦው መብራት ይኑረው አይኑረው የሚለየው ቴስተር ከተበላሸ ስምንት ወሩ፤ ምትኩ "መንገድ ላይ ነው" ይባላል። ምን ዓይነት መንገድ ነው እሱ!

ስልኩ ጮኸ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሠላማዊት ናት።

"ጀምበሩ፣ የት ደረስህ? የሕፃኑ ኦክስጅን ማሽን በባትሪ ነው ያለው። ከግማሽ ሰዓት አያልፍም።"

"ሌላ ባትሪ የለም?"

"ታዞ ጎንደር ቀርቷል አልኩህ እኮ! በእመቤቴ፣ ቶሎ በል።"

ጀምበሩ ወደ መጋዘኑ ዞረ። "ጋሼ ጣሰው፣ ሶላሩን ያጥፉልኝ! ጤና ጣቢያ ሕፃን ሊሞት ነው!" ብሎ ጮኸ። ቬንቲሌተሩ ዝም አለ፤ አቶ ጣሰው ወጡ።

"አጥፍቼዋለሁ። በል ውጣ፣ ልጁ እንዳይሞትብን።"

"ወደ መስመሩ እንዳይወጣ ከቆጣሪው ለይተውታል?"

"አጥፍቼዋለሁ ስልህ! ሰው አታምንም እንዴ?"

"እንግዲያው ይቺን ሽቦ በእጅዎ ያንሱልኝ።"

አቶ ጣሰው ጎንበስ አሉ። ቢደፍሩ ሊገፈትራቸው ጀምበሩ ተዘጋጅቷል። እጃቸው ግን ሽቦው ጋ ሳይደርስ ቆመ፤ ፊታቸው አመድ መሰለ። አንድ እግር ነጠላ ጫማቸውን ጥለው ወደ መጋዘኑ ሮጡ። ሲመለሱ ላብ አጥምቋቸዋል።

"ለካ ያጠፋሁት ቬንቲሌተሩን ብቻ ነው! የሶላሩን ማሽን ከሱዳን፣ ከገላባት ስናመጣው፣ የገጠመው ሰውዬ በቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ ሰክቶት ነው የሄደው። አሁን ነቀልኩት፤ ማርያምን ነቅዬዋለሁ። ይቅር በለኝ፣ ልጄ።"

"ለእርስዎ ብቻ ነው እንዲህ የገጠመው?"

አቶ ጣሰው አንገታቸውን ደፉ። "ለሌሎችም ሲገጥም ነበር። ለስንት ቤት እንደሆነ እንጃ።"

ጀምበሩ ፈራ። በሕይወቱ እንዲህ ፈርቶ አያውቅም። ቤት ለቤት ልዙር ቢል የሕፃኑ ባትሪ ያልቃል። ከነዚያ ቤቶች አንዱ በዚህ መስመር ላይ ካለ ደግሞ ሽቦውን ሲነካ ያልቅለታል። ሽቅብ አየ።

ስልኩን ለአቶ ጣሰው ሰጣቸው።

"ነርሷ ከደወለች 'እየወጣ ነው' ይበሏት።"

"እሺ።"

"ባለቤቴ ከደወለች ግን አያንሱት።"

ቀበቶውን ምሰሶው ላይ አዙሮ ቆለፈና መውጣት ጀመረ።