ያለ ደረሰኝ ምንም አይወጣም

ላቀች ንፋስ መውጫ መነኻሪያ አጠገብ ባላት ምግብ ቤት የደረሰኝ ማሽን ከተተከለ ወዲህ መቀመጥ ትታለች። ከባንኮኒ ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ በር ስትመላለስ ትውላለች። ያለ ደረሰኝ የሸጠ ቤቱ ይታሸጋል የሚለው ወሬ ከተማውን ከዞረ ጀምሮ በሩ በተከፈተ ቁጥር ልቧ ድንግጥ ይላል።

አንድ ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ላይ ኮት የለበሰ፣ የማታውቀው ጎልማሳ ገባ። ጥግ ይዞ ጥብስ አዘዘ። ጥብሱ ቀርቦለትም ዓይኑን ከማሽኑ ላይ አልነቀለም።

"ገነት፣ መጡልሽ" አለች ላቀች ለአስተናጋጇ በሹክሹክታ። "ከገቢዎች ነው። ለውሃም ቢሆን ደረሰኝ ቁረጪ።"

"ውሃውን በነጻ አይደል እንዴ የምንሰጠው?"

"ዝም ብለሽ ቁረጪ!"

በዚህ መሀል የቅኔ መምህሩ መሪጌታ አድማሱ በልተው ሊከፍሉ ተነሡ። ደረሰኙን ከዓይናቸው አራቅ አድርገው አነበቡና ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ስሚ ላቀች፣ እግዜር እንኳ ከመቶ አሥር ነው የጠየቀን። ይህቺ ማሽን አምስቱን ከየት አምጥታ ጨመረችው?"

"እኔ ምን ዐውቃለሁ መሪጌታ፣ እሷኑ ይጠይቋት።"

"በግእዝ ልጠይቃት?"

"ኧረ ይተዉ፣ ደረሰኙ ይረዝምብዎታል!"

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ወጣቱ አስተማሪ ዘመነም ቀበል አድርጎ "እትዬ ላቀች፣ ግማሹን ብቻ ብበላ ቫቱም ይጋመስልኛል?" አላት።

"ጭራሽ ካልበላህ ደግሞ ጭራሽ ትገላገላለህ!"

አፏ ይቀልዳል እንጂ ዓይኗ ከጥጉ አልተነሣም። ሰውየው አልሳቀም። እንዲያውም የዘመነን አባባል በልቡ የሚያጠና ይመስል ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ሊመሰክርብኝ ነው የሚያጠናው፣ ብላ አሰበች።

ይኼኔ ጎረቤቷ ቦጋለች በጓዳ በር ገብታ ወንፊት አንጠልጥላ ልትወጣ ስትል ላቀች መንገዷን ዘጋችባት።

"ያለ ደረሰኝ ከዚህ ቤት ምንም አይወጣም!" አለች፣ ጥግ ድረስ እንዲሰማ ጮክ ብላ።

ቦጋለች ክው አለች። "አንቺ ሴት፣ ምን ነካሽ? የራሴን ወንፊት እኮ ነው! ትናንት አልነበር እንዴ የተዋስሽኝ?"

ሰውየው ከወንበሩ ተነሣ። ላቀች ወደ እሷ ሲመጣ ባየች ጊዜ ከባንኮኒው ጀርባ ገባች። ባንኮኒውን ተደግፎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር። ሰዉ... አይደበድብዎትም?"

"ምን አሉኝ?"

"አዱኛ እባላለሁ። እኔም እስቴ ውስጥ ምግብ ቤት አለኝ። በቀደም ማሽን አስገባ ተባልኩ። እርስዎ ቤት ቀድሞ ገብቷል ሲሉኝ፣ ሰዉ እንዴት እንደቻለው ልይ ብዬ መጣሁ።"

ላቀች በቁጣና በእፎይታ መካከል ተይዛ ወንበር ስባ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች።

"ሰዉ መች ቻለው! እየተነጫነጨ ይመጣል፣ ቀልዶ ይወጣለታል። ያልወጣልኝ እኔ ነኝ። አንተንማ ሳይህ ቤቴ የታሸገ ነው የመሰለኝ።"

"እኔ? እንዲህ አስፈራለሁ?"

"ጥብስ እየበላ ማሽን የሚያይ ሰው አያስፈራም?"

ቦጋለች ወንፊቷን እንደያዘች ትንፋሿ እስኪቆራረጥ ሳቀች። አዱኛም እያፈረ ሳቀና ሒሳብ ጠየቀ። ገነት ደረሰኙን ስታቀብለው ግን ፊቱ ወዲያው ተለወጠ።

"ምንድን ነው ይሄ? ከእኔም? ሰው ሙያውን ሊማር መጥቶ..."

"በል እንግዲህ" አለች ላቀች፣ "ነገ እንዲህ የሚልህ ሲመጣ ምን እንደምትመልስለት መንገድ ላይ አስብበት።"

አዱኛ እያጉረመረመ ከፍሎ ወጣ። ላቀች ከተቀመጠችበት ሳትነሣ ጥቂት ቆየች። ድንገት በሩ ሲጢጥ አለና ሁለት የማታውቃቸው ሰዎች ገቡ። ዘላ ተነሣች።