አራት ጎረምሳ ያቃተው በር

የጋሼ ብረቴ የግቢ በር ከባድ ነው። ይህን ከራሳቸው አፍ ያልሰማ ሰው በሰፈሩ የለም። በሩ የተሠራ ሰሞን «ሁለት ሰው ነው ያነሳው» ይሉ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ሦስት ሆነ። ጡረታ ወጥተው ጊዜ ሲተርፋቸው ደግሞ አራት ጎረምሳ ገባበት፤ አንደኛው ወገቡን ይዞ ቀረ ተባለ። «ብረቴ እኮ...» ብለው ሲጀምሩ የሰማ ሁሉ ስማቸውን ትቶ ጋሼ ብረቴ አላቸው፤ እሳቸውም ቅር አላላቸውም። የሚገርመው፣ ሌላውን አሳምናለሁ ሲሉ ከሁሉ ቀድመው ያመኑት ራሳቸው ናቸው።

ችግሩ፣ ከባድ ነው የተባለን በር የሚዘጋ ሰው አይገኝም። ገቢውም ወጪውም ገፋ ያደርግና እንደተበረገደ ጥሎት ይሄዳል። ጋሼ ብረቴ ይህን ለዓመታት ችለውት ኖረዋል። ልጃቸው ወልዳ ወላጆቿ ጋ ልትታረስ ስትመጣ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። አንድ ረፋድ ላይ የመንደር ውሻ ሰተት ብሎ ገባና የጨቅላዋን የታጠበ ብርድ ልብስ ከገመድ ላይ ጎትቶ አውርዶ፣ ተጠቅልሎበት ተኝቶ ተገኘ።

«አባዬ፣ ይሄ ግቢ ነው ወይስ መንገድ?» አለች ልጃቸው።

ጋሼ ብረቴ የልጅ ልጃቸው እዚያ ቤት ከገባች ወዲህ ሌላ ሰው ሆነዋል፤ ሬዲዮናቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ነው የሚሰሙት፣ ማስነጠስ ሲመጣባቸው ወደ ጓሮ ይሮጣሉ። ኮታቸውን ደረብ አድርገው ወጡ።

የሕንፃ ዕቃ የምትሸጠው ሴት፣ በር በራሱ እንዲዘጋ የሚያደርግ ማጠፊያ ሁለት ዓይነት አሳየቻቸው። አንደኛው ውስጡ ሞላ አለው፤ በሩን ሲከፍቱት ይጠመዘዝና ሲለቁት መልሶ ይወረውረዋል። ሁለተኛው ከሞላው ጋር ዘይት አለው፤ ሞላው ልሩጥ ሲል ዘይቱ ይይዘዋል።

«በሩ ስንት ኪሎ ይሆናል አባባ?»

«በኪሎ አይነገርም።»

«እንዴት አይነገርም?»

«አራት ጎረምሳ ነው ያቃተው፣ የኔ ልጅ። አንደኛው እስከ ዛሬ ጎበጥ ብሎ ነው የሚሄደው።»

ባለሱቋ ዘይት ያለውን መልሳ አስቀመጠች፤ እንዲህ ያለ ጉድ አይችልም። ከመደርደሪያው ሥር ክንድ የሚያህል ባለሞላ ማጠፊያ ጎትታ አወጣች። «ይሄ የፋብሪካ በር ላይ የሚገባው ነው።»

ፋብሪካ የሚለውን ሲሰሙ ጋሼ ብረቴ ፊታቸው በራ።

ያን በር ድሮ የሠራው በያጅ ማጠፊያውን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየው። «ጋሼ፣ ይሄማ ይበዛበታል። በሩ ውስጡ ባዶ ቱቦላሬ፣ ላዩ ስስ ላሜራ ነው። የሠራሁት እኔ ነኝ እኮ።»

«ሠርተኸው ይሆናል እንጂ አላሳደግኸውም። ከዚያ ወዲህ ስንት ቆርቆሮ ቀለም እንደጠጣ ታውቃለህ?»

በያጁ ከማን ጋር እንደሚከራከር ያውቃል። መነጽሩን ደፋና ሥራውን ጀመረ።

አልቆ ሲቀዘቅዝ ጋሼ ብረቴ በሩን እስከ መጨረሻው ከፈቱና ለቀቁት። በሩ እናቱን እንደሰደቡበት ሰው ተመልሶ መጣና ምሰሶውን በጥፊ አጮለው። ርግቦቹ ከጣራው ላይ ብር ብለው ተነሡ። ከውስጥ ጨቅላዋ ለቅሶዋን ለቀቀችው።

«ተዘጋ አይደል?» አሉ ጋሼ ብረቴ፣ በሩ ከያዘባቸው የኮታቸው ጫፍ ጋር እየታገሉ።

ከዚያ በኋላ ያልሞከሩት የለም። ምሰሶው ላይ ያረጀ ጎማ ቆርጠው መቱበት፤ በሩ ጎማው ላይ ነጥሮ ሁለት ሁለት ጊዜ መዘጋት ጀመረ። ሲያቅታቸው ወንበር አወጡና በሩ አጠገብ ተቀምጠው፣ ሰው በገባ ቁጥር ብድግ እያሉ በደረታቸው ይቀበሉት ጀመር።

ባለቤታቸው በመስኮት ብቅ አሉ። «ራሱ ይዘጋል ያልከው በር ዘበኛ ቀጠረ እንዴ?»

ምሳ ሊበሉ ለአፍታ ሲነሡ ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊው ጨቅላዋን ልያት ብሎ ገባ። ጓ! ልጃቸው የምታለቅሰውን ሕፃን ታቅፋ ወደ ማዕዱ መጣች።

«አባዬ፣ በቃ አልቻልኩም። ልጄ እንቅልፍ የሚባል አላየችም። ነገ ከምሳ በኋላ የባሌ እናት መኪና ይዘው ይመጣሉ፤ እሳቸው ጋ ሄጄ እታረሳለሁ።»

ጋሼ ብረቴ ምሳቸውን ትተው ወደ በሩ ተመለሱ።

በማግስቱ በማለዳ በያጁን አስጠሩ። የፋብሪካውን ማጠፊያ ለመቁረጥ በሩን ደግፎ የሚያወርድ ሰው ያስፈልጋል፤ ጋሼ ብረቴ ሰው ሊለምኑ ወጡ። የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ «ወገቤን» ብሎ ግድግዳ ያዘ። ልብስ ሰፊው ጉልበቱን አሻሸ። የሁለት ጎረምሶች እናት የሆነችው ጎረቤታቸው ደጃፏ ላይ ተገትራ «ኧረ ጋሼ! የልጆቼን ወገብ ከየት አመጣዋለሁ?» አለቻቸው። ያን ሁሉ ዓመት ሲያወሩት የኖሩት ወሬ እግር አውጥቶ በየቤቱ ቀድሟቸው ደርሷል።

ብቻቸውን ተመለሱ። ባለቤታቸው እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠራርገው «ዞር በል እስቲ» አሉ። በያጁ ማጠፊያውን ቆረጠና አንዱን ጫፍ ያዘ፤ ሌላውን ባለቤታቸው ያዙ። በሩ ተነሣ። ወስደው ግድግዳው ላይ አስደገፉት። የሴትዮዋ ትንፋሽ እንኳ አልተለወጠም።

«ይቺ ናት?» አሉ።

በያጁ መሬት መሬቱን አየ።

ጋሼ ብረቴ ሱቁ ሲደርሱ፣ ያ ወገቡን የታመመው ፀጉር አስተካካይ ቀጥ ብሎ ቆሞ ምስማር ይመርጣል። ተመልሰው ሊወጡ ቃጣቸው። ግን ሰዓቱ እየሄደ ነው፤ መኪናውም መምጣቱ አይቀርም።

«ዘይት ያለውን ስጪኝ» አሉ።

«ክብደቱን ግን አሁን እውነተኛውን ይንገሩኝ አባባ። ካበዙብኝ ማጠፊያው ይጠነክርና ያው ጥፊ ነው።»

ጋሼ ብረቴ ድምፃቸውን ዋጥ አድርገው «ሁለት ሰው ያነሳዋል» አሉ።

«ምን አሉኝ?»

«ሁለት ሰው ያነሳዋል!» አንዴ ከተዋረዱ አይቀር ብለው ጨመሩበት፤ «አንዷ ባለቤቴ ናት።»

የፀጉር አስተካካዩ እጅ ምስማሩ ውስጥ እንደገባ ቀረ።

በያጁ በጥፊ ብዛት ዘመም ያለውን ምሰሶ በቱምቢ አይቶ አቃናው፤ አዲሱን ማጠፊያም ገጠመ። አናቱ ላይ ያለችውን ብሎን በካቻቢቴ ባጠበቃት ቁጥር በሩ እርምጃውን ቀነሰ። አንዴ ከመጠን በላይ አጠበቃትና በሩ መሃል መንገድ ላይ ቆሞ ማሰብ ጀመረ። ትንሽ አላላት። በያጁ ገና ዕቃውን ሳይሰበስብ የመኪና ድምፅ ተሰማ።

የአማቻቸው እናት እንደማንኛውም ሰው በሩን ገፍተው፣ ጥለውት ወደ ቤቱ አቀኑ። ጋሼ ብረቴ ትንፋሻቸውን ያዙ። በሩ ከሴትዮዋ ኋላ መጣ፣ መጣ፤ ምሰሶው ጋ ሊደርስ ሲል ቀስ አለና፣ አምሽቶ እንደሚገባ ባል በጣቶቹ ጫፍ ሄዶ ቦታው ላይ ጠቅ አለ።

እንግዳዋ ዞር ብለው «በሩን ማን ዘጋው?» አሉ።

ልጃቸው ሻንጣዋን ይዛ የቤቱ ደጃፍ ላይ ቆማለች። ሁሉም ጆሮውን ወደ ውስጥ ጣለ። ከጨቅላዋ ክፍል ምንም የለም። እንግዳዋ ገብተው አዩአትና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ተመለሱ።

«ይቺንማ ቀስቅሶ መኪና ላይ መጫን ግፍ ነው። የትም አትሄድም።»

ልጃቸው ሻንጣዋን ለአባቷ ዘረጋችላቸው። «አስገባልኝ አባዬ። ኮቴህ እንዳይሰማ ግን።»

ሳይመሽ ፀጉር አስተካካዩ በዚያ ሲያልፍ ጎራ አለ። በሩን ከፍቶ ለቀቀው፣ ሲዘጋም በአድናቆት አየው። የመጣበት ጉዳይ ግን ሌላ ነው።

«ጋሼ፣ ሱቅ ውስጥ ያሉት የእውነት ነው? በሩን ያነሱት ባለቤትዎ ናቸው?»

ጋሼ ብረቴ ግራ ቀኙን አዩና ወደ ጆሮው ጠጋ አሉ።

«አንተ እሷን አታውቃትም እኮ» አሉ በሹክሹክታ። «አራት ጎረምሳ ያቃተውን ነው ያነሳችው!»