ጉድጓድ አጠጪዎች

ነዳጅ አውጪው ድርጅት ለሰፈራችን የላከው ደብዳቤ ሦስት ገጽ ነው። ትርፍ ትርፉን ስንገፍፈው የሚለው ይህን ነው፦ መቆፈሪያው የሚተከለው ማንም ከማይቀዳበት ጉድጓድ አጠገብ ነው። የኛ ጉድጓድ ያለው በአክስቴ ልብስ ማጠቢያ ቤት ጓሮ ውስጥ ነው። በዚያ ውሃ የሆስፒታል አንሶላ አጥባ ሦስት ልጅ አሳድጋለች። ነዳጅ ከነካው አንሶላው ከገባበት ብሶ ቆሽሾ ይወጣል፤ እሷም በሯን ትዘጋለች።

መርማሪ ማክሰኞ ጠዋት ይመጣል ተባለ። ሰፈሩም ይቀዳል ለማስባል ከሰኞ ጀምሮ ተሰለፈ። ዕድሜ ልኩን ሚስቱ ቀድታ የምታጥበው ፀጉር አስተካካይ እንኳ አራት ጀሪካን ሞላ። ቀስ በሉ ብል ማን ሰምቶኝ፤ አልሰሜን ግባ በለው ሆነ። ማክሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ ባልዲው ጭቃ ይዞ ወጣ።

አክስቴ ባልዲውን አቅፋ ቁጭ አለች። እኔ ሁሉም የቀዳውን አምጥቶ ይመልስ አልኩ። የሞኝ ሐሳብ ነው ያሉኝ ነበሩ፤ የብልሁን ግን አላመጡም።

መርማሪው ሲደርስ አርባ ሰው በሥነ ሥርዓት ተሰልፎ ጉድጓድ ውስጥ ውሃ ይደፋል። ቅጹን ገለጠ፣ ከደነ፣ ደግሞ ገለጠ። ምልክት የሚደረግበት ሳጥን ሁለት ብቻ ነው፦ ይቀዳል፣ አይቀዳም።

«እናቴ፣ ምን እያደረጋችሁ ነው?» አለ ወደ አክስቴ ዞሮ።

«እያጠጣነው ነዋ።»

«ጉድጓድ ውሃ ይጠጣል እንዴ?»

«ካልጠጣ ከየት አምጥቶ ያጠጣናል፣ ልጄ?»

አለቃው ዘንድ ደወለ። ያየውን አንድ በአንድ ተናገረ። አለቃው ጠጥተሃል ወይ ሳይለው አልቀረም፤ ሰውዬው ከነጋ ውሃ እንኳ አልቀመስኩም እያለ ሲምል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በመጨረሻ ሦስተኛ ሳጥን ያለው ቅጽ ታትሞ እስኪመጣ መቆፈሪያው ካለበት እንዳይነቃነቅ ተወሰነ። ለቅጹ ኮሚቴ፣ ለኮሚቴው ደግሞ አጥኚ ቡድን ይቋቋማል። ይህን የነገረን አንገቱን ደፍቶ፣ እንደ መርዶ ነጋሪ ነው።

መኪናው ከታጠፈ በኋላ ሰፈሩ ሊጨፍር ሲል አክስቴ እጇን አነሳች። አንሶላዎቹ ከትናንት ጀምሮ ተከምረዋል። ባልዲውን ሰደደችና አወጣች፤ ውሃ ነው፣ ግን ደፍርሷል። መሬት ላይ አስቀመጠችው።

አርባ ሰው ባልዲውን ከቦ ውሃው እስኪጠልል ጠበቀ። ማንም ጣቱን አልነከረም።