የአይስቴ ድንክ ዶሮዎች

ሰፈሩ «አይስቴ» ብሎ ስም ያወጣለት ልብስ ሰፊ፣ ሰው በደጁ ሲያልፍ በዓይኑ ብቻ ሱሪ የሚለካ ነበር። ዝናው ሰባት ባሕር ተሻገረ ማለት ማጋነን ይሆናል፤ የተሻገረው ስድስት ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ግን ያን ሁሉ ዝና ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚሰማለት ጠፋ፤ ከሁለት ድንክ ጫጩቶች በቀር።

ቡናማው ደፋር ነው። ገና በሁለት ወሩ አናቱ ላይ ያለችው ሥጋ ቀልታለች፤ አይስቴ ሲያወራ ጉልበቱ ላይ ወጥቶ አንገቱን ሰበቅ አድርጎ ያዳምጣል። ነጩ ዓይናፋር ነው፤ ከጨርቅ ክምር ጀርባ አይወጣም።

አንድ ቀን አከራይዋ መጣች። «ጋሼ፣ ሴት ዶሮ ግድ የለኝም። ወንድ ግን አንዴ ከጮኸብኝ በዚያው ቀን ይወጣል!»

«ወንድና ሴት መለየት ለእኔ? ዓይኔን ጨፍኜ!»

ሚስቱ ብትሆን የወገባቸው ላባ እስኪወጣ ትጠብቅ ነበር፤ ጫፉ ሹል ከሆነ ወንድ፣ ክብ ከሆነ ሴት። ጥቂት ሳምንት መታገሥ ብቻ ነው። «ትዕግሥት ላላዋቂ ነው» አለና ፈረደ፦ ደረቱን የሚነፋው ወንድ፣ ዓይናፋሯ ሴት። ቡናማውን ግቢው ሰፊ ለሆነ ፀጉር አስተካካይ ወስዶ ሰጠው። «ወንድ ካልሆነ ጢሜን በደረቅ ምላጭ ላጨው!»

ከዚያ በኋላ ወሬ በጀመረ ቁጥር ጉልበቱን ጎንበስ ብሎ ያያል። በነጯ ወገብ ላይ ሹል ላባ ብቅ ሲል እንኳ «ፋሽን ነው» ብሎ አለፈው።

ቡናማውን በሰጠ በሦስተኛው ወር፣ አንድ ጠዋት፣ ነጯ ክምሩ ላይ ወጥታ ጮኸች። ያውም እንዴት ያለ ጩኸት! የሦስት ሰፈር ውሻ አስነሳች።

«ጋሼ፣ ዛሬውኑ ይውጣ» አለች አከራይዋ ከደጅ። «ሴት ካገኙ ያምጡ።»

አይስቴ ነጩን ታቅፎ ፀጉር ቤት ሄደ። ወንበሮቹ በሙሉ ተይዘዋል።

«ጋሼ አይስቴ! የእርስዎ ወንድ ትናንት እንቁላል ጣለ እኮ! ምላጩን ላምጣ?» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ቡናማዋ ከወንበር ሥር ብቅ ብላ አየችው። ፀጉር አስተካካዩ ጠጋ አለና፣ «ግድ የለም፣ ‹ተሳስቻለሁ› ይበሉና ይውሰዷት። ለእኔ ወንዱ ይበጀኛል» አለው።

ቃሏ ምላሱ ጫፍ ደርሳለች። ደንበኞቹ ሁሉ ያዩታል።

«አንተ ልጅ፣» አለ አይስቴ፣ «ሴትነቷን ያኔውኑ አውቄያለሁ። እንቁላል እንዳታጣ ብዬ ነው። ስጦታ ናት።»

ሳቁ ቆመ። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን አስቀምጦ በሁለት እጁ ጨበጠው። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ። እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የምጠብቃት።»

ነጩንም እዚያው ተወው። ደረቱን ነፍቶ ወጣ፤ መታጠፊያው እስኪደርስም አልተነፈሰም። የልግስናው ወሬ እስከ ማታ ሰፈሩን አርባ ጊዜ ዞረ፤ እሱ ቤት ግን ይዞት የመጣ የለም። አንድ እጅጌ እየሰፋ ነበር። መሐል ላይ የቀኑን ነገር ሊያወራ ቀና አለ፣ ባዶውን የጨርቅ ክምር አየ፣ ወደ እጅጌው ተመለሰ።