ሁለት አርባ አራት ቁጥር

ከብሩክሊን ፓርክ እስከ ሴንት ፖሉ የበረዶ ሆኪ ሜዳ መኪናውን የነዳችው ታላቅ እህቱ ዳራርቱ ነበረች። ሙሊሳ መሪ ካልያዘ ዘጠኝ ቀኑ ነው። ባለ ሁለት መስመሩ መንገድ አራት ሆኖ ይታየዋል።

«ዛሬ ለቡድንህ ትነግራለህ ወይስ እኔ ኮል ላድርግ?» አለችው። ሮቢንስዴል ሆስፒታል ነርስ ናት፤ በዓይን ነገር አትታለልም።

«ውሌ ሚያዝያ ላይ ያልቃል። አሁን ከተናገርሁ ማን ያድስልኛል?»

«ዓይንህንስ ማን ያድስልሃል፣ አንተ ጎልያድ?»

ሙሊሳ ለሆኪ ቡድኑ ጎል እንዲያገባ የተቀጠረ ሰው አይደለም። ሥራው መደባደብ ነው። የቡድኑን ፈጣን አጥቂዎች የነካ እሱን ያገኛል፤ ጓንት ይጣላል፣ ቡጢ ይወርዳል፣ ዳኞቹ አንዱ እስኪወድቅ ቆመው ያያሉ። ስምንት ዓመት እንዲህ በልቶ አድሯል። የዛሬ ዘጠኝ ቀን ጆሮ ግንዱ ላይ ያረፈው ቡጢ ግን አልለቀቀውም።

ዕለቱ ቅዳሜ፣ ጨዋታውም ከሰዓት በኋላ ነበር። ከሦስቱ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሊያልቅ ሲል የእንግዳው ቡድን አርባ አራት ቁጥር አንዱን አጥቂ ከግድግዳው ጋር አላተመው። አሰልጣኙ የሙሊሳን ትከሻ በሁለት ጣቱ ነካ።

ሙሊሳ ወደ በረዶው ወጣ። አርባ አራት ቁጥር ቆሞ ጠበቀው። ሁለት ነበር፤ አንዱ ከሌላው ክንድ ያህል ይርቃል።

«እንግጠም?» አለ ሰውየው።

የተደባዳቢዎች ደንብ ነው፤ ሳይጠይቁ አይመቱም። «ተጎድቻለሁ» ያለም አይነካም። ሙሊሳ ይህን ቃል ከሌሎች ሰምቶ አክብሯል እንጂ ከራሱ አፍ አውጥቶት አያውቅም።

«እንግጠም» አለና ጓንቱን ጣለ።

በቀኝ በኩል በቆመው ላይ በሙሉ ኃይሉ ሰነዘረ። እጁ ባዶ አየር መትቶ አለፈ። ሕዝቡ ሳቀ። ሰውየው የሙሊሳን ማልያ ጨምድዶ ያዘ፣ ቡጢውን አነሣ፣ ዓይኑን አየ። ቡጢው እዚያው አየር ላይ ቀረ።

«የትኛውን እኔን ነው የምታየው?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሙሊሳ ከአንዱ ወደ ሌላው አየ።

«በል ይዘኸኝ ውደቅ» አለው ሰውየው።

ተያይዘው ወደቁ። ከላይ አንድ ተመልካች፣ «ብርድ ልብስ ስጧቸው!» ብሎ ጮኸ።

በእረፍቱ አሰልጣኙ ወደ ቡድኑ ዶክተር ክፍል ላከው። ኮምፒውተር ላይ ቃላት ማስታወስ፣ ቅርጾች መለየት ነበር የጭንቅላት ጉዳት መለያው ፈተና። ሙሊሳ ዶክተሩ ዞር ባለ ቁጥር አንድ ዓይኑን እየጨፈነ ጨረሰው።

«ከመስከረሙ ውጤትህ የወረድኸው አንድ ነጥብ ብቻ ነው» አለ ዶክተሩ። «ደህና ነህ። ትገባለህ።»

ውሸቱ ሠርቶለታል። መስከረም ላይ፣ ሁሉም በጤናው በሚፈተንበት ቀን፣ መልሱን እያወቀ ስቶት ነበር። አንድ የድሮ ተደባዳቢ ነው ያስተማረው፤ በኋላ ጭንቅላትህ ሲመታ ውጤትህ የወረደ እንዳይመስል መጀመሪያውኑ ዝቅ አድርገው ብሎ።

የራስ ቁሩን አንሥቶ ወደ በሩ ሄደ። አሰልጣኙ በሩ ላይ ይጠብቀዋል። ቀጥሎ የሚገጥመው ሰው ቡጢውን አየር ላይ አያቆምለትም፤ ይህን ሙሊሳ ያውቃል። እጁን ዘርግቶ የበሩን ጠርዝ ፈለገ፤ አጣው።

«ዶክተር» አለ ሳይዞር፤ «የመስከረሙን ሆን ብዬ ነው የሳትሁት።»

«ሙሊሳ፣ አፍህን ዝጋ» አለ አሰልጣኙ።

«ሆን ብዬ ነው። አሁን አሰልጣኙን እንኳ ሁለት አድርጌ ነው የማየው።»

ዶክተሩ ከወንበሩ ተነሥቶ መጣና የራስ ቁሩን ከእጁ ተቀበለው።